ሦስተኛዋ መቅዘፊያ

ዛፍ አያውቅም ደሴታችን፣ ነፋሱ ነው ባለርስቱ፤
ሣር ይለብሳል ጣሪያችን፣ ጨው ይልሳል መስኮቱ።
እዚያ ነበር የእሷ ቤት፣ ከወደቡ አፋፍ ላይ፣
ደጇ ወደ ባሕር የሚያይ፣ ጓሮዋ ወደ ሰማይ።

«ኦማ» ነበር የምንላት፣ አያት ማለት ነው በእኛ፤
ለመንደሩ ግን ማርዩን ነች፣ የ«ሱላ» ቀዛፊ፣ ሦስተኛ።
ሱላ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ የወፍ ስም ያላት ጀልባ ናት፣
ስድስት ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ተሳፍረው የሚቀዝፏት።

እጇን አስታውሳለሁ፤ የመዳፏን ወፍራም ቆዳ፣
ጉንጬን ስትዳብስ የሚፍቅ፣ እንደ ሻካራ ሰሌዳ።
«ያምሻል?» አልኳት በሰባት ዓመቴ፤ ስትመልስልኝ እየሳቀች፦
«ፊርማ ናት እኮ፤ መቅዘፊያው ፈርሟት፣ እጄ ላይ የደረቀች።»

አያቴ ሃንስ-ያኩብ የውቅያኖስ ስም ለልጆች የሚያስተምር፣
ማዕበል በመስኮት ሲያይ ግን ሆዱ የሚታወክ ሰው ነበር።
ድንቹን ቀቅሎ፣ ደረቅ ካልሲ ምድጃው ላይ ሰቅሎ፣
ደጅ ይጠብቃት ነበር፣ የኪስ ሰዓቱን አንጠልጥሎ።
«ዘገየሽ፣ በስምንት ሴኮንድ!» ይላታል እየሳቀ፤
«መዝሙሩ ረዝሞብን ነው!» ፀጉሯ በጨው እንደ ደረቀ።

ቀዘፋና መዝሙር ለእሷ ሁለት ነገር አልነበሩም፤
በስንኝ ነው የሚስቡት፣ አንድ ሁለት ብለው አይቆጥሩም፤
ያን የጥንቱን፣ ያን ዘገምተኛ፣ ሦስት ትውልድ የዘመረውን፣
ሰው ሲዳርም ሰው ሲሞትም ያው አንድ የሆነ ዜማውን።

አንድ ሐምሌ፣ የኦላይ በዓል፣ ዋና ከተማው ወደብ ላይ፣
ጉም ወረደ ቅዳሜ ዕለት፣ የመድረሻው መስመር እስከማይታይ።
«ነገ ይሁን» ተባለ። ነገ ደግሞ እሑድ ነበር።
መቅዘፊያዋን በጨርቅ ጠርጋ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ንግግር፣
ለሱንቫ አስረከበቻት፣ ለዓሣ ሻጩ ትንሽ ልጅ፤
እሷም መዝሙር መጽሐፏን ይዛ ቆመች ከካቴድራሉ ደጅ።
ስብከቱ መሀል ጩኸት ሰማች፣ ከወደቡ፣ ከነፋሱ ጋር፤
ሱላ አሸነፈች። ያለ እሷ። በግማሽ ጀልባ፣ ከመስመሩ ዳር።

ዕድሜዬ ሲደርስ ጠየቅኋት፦ «ኦማ፣ ትንሽ አልቆጨሽም?»
ካልሲ እየሠራች ነበር፤ መርፌዋን እንኳ አላቆመችም።
«ቆጭቶኛል እንጂ!» አለች፤ «ለእግዚአብሔርም ነግሬዋለሁ።
እሱ ዝም አለ፤ እኔም ዝም፤ እስካሁን አብሬው አለሁ።»

ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቷት ዳገቱን ትሮጠዋለች፣
ለታመመ የዓሣ ሾርባ፣ ሳይፈስ፣ ሳይበርድ ታደርሳለች።
ከበሽተኛው አልጋ ዳር ተንበርክካ ትጸልያለች፤
ከዚያ «ተነሣ፣ ተራመድ! ሰነፍክ!» ብላ ትቆጣለች።

በየካቲት አረፈች። ነፋሱ ብቻ አልተቀመጠ።
የሱላ ወጣት ሴቶች ሳጥኗን ተሸከሙ፤ ሦስተኛው ቦታ ለእኔ ተሰጠ።
ከኋላ አሮጊቷ መሪ፣ ኤልስፓ፣ ምርኩዟን ተመርኩዛ፣
ዜማውን አነሣችልን፣ ሳሏን በመሃረብ ይዛ።
በስንኙ ልክ ረገጥን፤ በበረዶው ማንም አልወደቀም፤
እግዚአብሔርን የማላናግረው የእኔ እግር እንኳ ከዜማው አልራቀም።

ሱንቫ ከሰዉ ኋላ ነበረች፤ ሜዳሊያው በኪሷ ነበር፤
ልትቀብረው አስባለች፣ ከእሷ ጋር፣ ከሳጥኑ ሥር።
እጇ ግን ከኪሷ አልወጣም፤ አፈሩ እስኪሞላ አየሁ፤
ይዛው ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ፊቴን አዙሬ ቆየሁ።

መዝሙር መጽሐፏ ለእኔ ደረሰኝ፤ ጥጉ በጨው የተበላ፤
ከየመዝሙሩ ግርጌ በእርሳስ የእሷ ጽሑፍ አለ ሌላ፦
«ሠላሳ ሁለት። ነፋስ ከሰሜን። ግራ ትከሻዬ ሰነፈ።»
«ሠላሳ አራት። ሃንስ-ያኩብ አሞታል። ጌታ ሆይ፣ ሌሊቱ አለፈ።»

ከዚያ እሑድ መዝሙር ሥር ግን ቁጥር አልጻፈችም፤
«ውኃው ዛሬ መስተዋት ነው» ብላ፣
ሌላ ቃል አልጨመረችም።